ለጥቃት የማይመች ግቢ እንዴት ይሠራል?

በየዓመቱ አዲስ ገቢ ተማሪዎች አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ከሥርዓተ ጾታ ቢሮ የመጣች ባለሙያ መድረክ ላይ ወጥታ ሴቶቹን «በጊዜ ግቡ፣ ብቻችሁን አትንቀሳቀሱ፣ ከማታውቁት ሰው ምንም አትቀበሉ» ትላለች። ኅዳር 16 የነጭ ሪቫን ቀን ሲደርስ ሪቫኑ ደረት ላይ ይሰካል፤ የካቲት 29 ደግሞ ማርች 8 ተብሎ ቲሸርት ይታደላል። ክፋት የለውም፤ ጾታዊ ጥቃትን ግን አይቀንስም። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳራ ደጉ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ወደ ሠላሳ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ የተሠሩ 140 የመከላከያ ፕሮግራም ግምገማዎችን አንድ በአንድ መርምረው ነበር። የጥቃት ፈጻሚዎችን ድርጊት እንደሚቀንሱ በጠንካራ ጥናት የታየላቸው ሦስት ብቻ ሆነው ተገኙ። በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቀው የአዳራሽ ትምህርት ከሦስቱ ውስጥ የለም።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ጥቃት አድራሽ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይፈልጋል፦ ሰው የማይደርስበት ቦታ፣ ማንም የማይጠይቅበት ሰዓት፣ ወይም «እምቢ» ማለትን የሚያስፈራ ሥልጣን። ሦስቱም ያሉት በአስተዳደሩ እጅ እንጂ በተማሪዋ እጅ አይደለም። መብራት የሚተክለው፣ የዶርም በር የሚዘጋው፣ ግሬድ የሚያጸድቀው ግቢው ነው። በእኛ አገር ነገሩ ይብሳል፤ በአብዛኛው ተማሪ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ ገና 18 ዓመት የሞላት ልጅ ከጎንደር ተነስታ ጅማ፣ ከሐዋሳ ተነስታ ደብረ ብርሃን ልትገባ ትችላለች። በደረሰችበት ከተማ አክስት የላት፣ የሚያውቃት ጎረቤት የላት። ስለዚህ «ራስሽን ጠብቂ» ብሎ መሸኘት ሥራውን ለማትችለው ሰው ማሸከም ነው።

ይህ መመሪያ ለተማሪዎች ኅብረት አባላት፣ ለሥርዓተ ጾታ ክበብ አስተባባሪዎች፣ ለፕሮክተሮችና ለመምህራን የተጻፈ ነው። ቅደም ተከተሉን ብትጠብቁ ይሻላል፤ ሁለተኛውን ሳትጨርሱ አምስተኛውን ብትጀምሩ ግን ማንም አይከሳችሁም።

መጀመሪያ ካርታውን ሥሩ

የግቢውን ፕላን ከሕንፃ አስተዳደር ክፍሉ ጠይቁ፤ ከሌለ በፍሊፕ ቻርት ላይ በእጅ ሣሉት። ልኩ ባይስተካከል ግድ የለም። ዶርሞቹ፣ ካፌው፣ ላይብረሪው፣ ሽንት ቤቶቹ፣ የውሃ ቧንቧዎቹ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ፣ የመምህራን ቢሮዎች፣ የኋላ በሩና ባጃጅ የሚቆምበት ቦታ ግን ይኑሩበት። ከዚያ ሴት ተማሪዎችን ከየዓመቱ በአሥር በአሥር ጋብዙ፤ ወንዶችን ለብቻ፣ በሌላ ወረቀት። ስም አይጻፍ። ቦታውን በነጥብ እንዲያመለክቱበት ቀይ እስክሪብቶ ስጡና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የትኛውን ቦታ ትሸሻላችሁ? በስንት ሰዓት? እየሸሻችሁትስ ለምን ትሄዱበታላችሁ? ዋናዋ ሦስተኛዋ ጥያቄ ናት። «ከላይብረሪው ጀርባ ያስፈራል» የሚል መልስ ብዙ አይነግራችሁም። «ፎቃችን ላይ ውሃ ስለማይደርስ ማታ ጀሪካን ይዘን ወደ ታችኛው ቧንቧ እንወርዳለን» የሚል መልስ ስታገኙ ግን ችግሩ ከመብራቱ ይልቅ የውሃው መሆኑ ይገባችኋል፤ አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት ሮቶ ማስተከል ይኖርባችኋል።

ይህን ዘዴ ያስቀደምኩት ማስረጃ ስላለው ነው። መጀመሪያ ላይ ከጠቀስኳቸው ሦስት ውጤታማ ፕሮግራሞች አንዱ በኒው ዮርክ ከተማ 30 የመንግሥት መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተሞከረ ፕሮግራም ነው። ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን ካርታ ይዘው ደኅና የሚሰማቸውንና የሚፈሩትን ቦታ ምልክት አደረጉ፤ አስተዳደሩ አዋቂዎችን ወደ እነዚያ ቦታዎች መደበ፤ ትንኮሳ ለደረሰባቸው ተማሪዎች በግቢው ውስጥ የሚጸና የመራራቅ ትእዛዝ ይሰጥ ጀመር። ውጤቱ ሲለካ በሕንፃውና በአሠራሩ ላይ የተደረገው ለውጥ ጥቃትን ቀንሷል፤ የክፍል ውስጥ ትምህርቱ ለብቻው ሲሰጥ ግን አልቀነሰም። እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል፦ እነዚያ የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፣ ሕንፃቸውም አንድ ነው፤ እንዴት ሰፊ ሜዳ ላለው ዩኒቨርሲቲ ይሆናል? እውነት ነው፣ ውጤቱን እንዳለ አምጥተን መለጠፍ አንችልም። የሚሻገረው አካሄዱ ነው። የትኛው ቦታ አደገኛ እንደሆነ የሚያውቁት የሚመላለሱበት ናቸው፤ ያንን ካልጠየቃችኋቸው ጥበቃው የሚቆመው ዲኑ መኪና በሚያቆምበት በዋናው በር ብቻ ነው።

ካርታው ከተሞላ በኋላ ላይብረሪ በሚዘጋበት ሰዓት የጥበቃ ኃላፊውንና የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ይዛችሁ በእግር ዙሩበት። ቀን የታየ መንገድ ማታ ሌላ ነው። የተቃጠለው አምፖል፣ ያልተከረከመው አጥር፣ መቀርቀሪያው የወለቀው የሽንት ቤት በር፣ ከካፌው እስከ ዶርሙ ያለው ሰው አልባ መንገድ አንድ በአንድ ይመዝገብ። መብራት በሚጠፋበት ምሽት አንድ ዙር ብትጨምሩ ደግሞ ጄኔሬተሩ የትኛውን ሕንፃ ጨለማ ውስጥ እንደሚተው ታያላችሁ።

ለእያንዳንዱ ቀይ ነጥብ ባለቤት ስጡት

ዝርዝሩን «ለሚመለከተው ሁሉ» ብላችሁ ብትልኩ ማንንም አይመለከትም። ከየነጥቡ አጠገብ የሥራ ክፍሉ፣ የኃላፊው ስምና የሚጠናቀቅበት ቀን ይጻፍ፤ ኮፒው በተማሪዎች ኅብረት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። «በጀት የለም» ይባላችኋል። አንዳንዱ በእርግጥ በጀት ይፈልጋል፤ መቀርቀሪያ መግጠም፣ ቁጥቋጦ መከርከምና የጥበቃን መቆሚያ ሃምሳ ሜትር ማዛወር ግን በጀት አይጠይቁም። ውድ የሆኑትን አቆይታችሁ ርካሾቹን በመጀመሪያው ወር ጨርሱ።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው የሴቶች ዶርም በር ነው። በብዙ ግቢዎች በሩ ማታ በተወሰነ ሰዓት ይዘጋል፤ ዘግይታ የመጣች ተማሪ ትመለሳለች ወይም ነገ ዲሲፕሊን ትቀርባለች። ደንቡ የወጣው ለደኅንነት ተብሎ ነው፤ የሚያስከትለውን ግን አስቡት። ከሰዓቱ ሃያ ደቂቃ አልፋ ባጃጅ ውስጥ ያለች ልጅ ሁለት ምርጫ አላት፦ በሩ ላይ ተዋርዳ መመለስ፣ ወይም «እኔ ጋ እደሪ» የሚላት ሰው ቤት መሄድ። ያ ሰው ይህን ያውቃል፤ ሰዓቱ እስኪያልፍ የሚያዘገያትም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ደንቡ ስለዚህ እንዲህ ይስተካከል፦ ዘግይታ የመጣች ሁሉ ትገባለች፤ ፕሮክተሯ ስሟንና ሰዓቱን ትመዘግባለች፤ መጠየቅ ካስፈለገ በማግስቱ ቀን በብርሃን ትጠየቃለች። «ሥርዓት ይላላል፣ ሁሉም ማምሸት ይለምዳል» የሚል ፕሮክተር ያጋጥማችኋል። መዝገቡ ራሱ ሥርዓት ነው፤ ደጋግማ የምታመሸውን ለይቶ ያሳያችኋል፣ ምናልባትም እርዳታ የምትፈልገው እሷ ልትሆን ትችላለች። የላይብረሪው መዝጊያና የዶርሙ መዝጊያ ሰዓት መጣጣሙንም አረጋግጡ። ሁለቱን አንድ ጽሕፈት ቤት ስለማያወጣቸው ብዙ ጊዜ አይናበቡም።

ጥበቃዎችን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ጥበቃ ራሱ የሚለክፍበት ግቢ ካለ ተጨማሪ ጥበቃ መቅጠር ችግሩን ማብዛት ነው። ደረት ላይ በጉልህ የሚታይ ቁጥር ይኑራቸው፣ የምሽት ፈረቃ ላይ ሴት ጥበቃ ትመደብ፣ አቤቱታውም ለጥበቃ አዛዡ ሳይሆን ለሌላ ሰው ይቅረብ።

ግሬድ የያዘው እጅ

ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ የመምህራን ቢሮ ላይ ሲያርፍ ስብሰባው ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ አትለፉት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የቢቢሲ ዘጋቢዎች ተማሪና አመልካች መስለው በናይጄሪያና በጋና ዩኒቨርሲቲዎች የቀረጹት ምርመራ መምህራን ውጤትና መግቢያን ለወሲብ መደራደሪያ ሲያደርጉ አሳይቶ ነበር። የእኛም ተማሪዎች አሠራሩን ያውቁታል፦ የሚድ ወረቀቷ «ይጠፋል»፣ ቢሮ እንድትመጣ ይነገራታል፣ ሰዓቱ ከአሥራ አንድ በኋላ ነው፣ አድቫይዘሯም ስለሆነ መመረቋ በእሱ ፊርማ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሕጉ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 መምህርነትን በስም ጠቅሶ፣ ከሥልጣኑ የተነሳ በሴት ላይ ያለውን ኃይል መጠቀሚያ አድርጎ ወሲብ የፈጸመን ሰው በቀላል እስራት ይቀጣል። በአንቀጽ 620 የአስገድዶ መድፈር ቅጣት ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሲሆን፣ ተጎጂዋ በአጥፊው ቁጥጥር ሥር ያለች ወይም የእሱ ጥገኛ ስትሆን እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ልብ በሉ፣ አንቀጽ 625 የሚያስቀጣው ተበዳይዋ አቤቱታ ስታቀርብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አቤቱታውን የሚያዘገየው «እስክትመረቅ ትታገሥ» የሚለው ምክር መብቷን ሊያሳጣት ይችላል። «ሁለቱም አዋቂዎች ናቸው፣ ተፈቃቅደው ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። አዋቂ መሆናቸውን የሚክድ የለም። ፈቃድ ማለት ግን እምቢ ብትል ምንም እንደማይደርስባት ስታውቅ የሚሰጥ ነው፤ ኤፍ የሚጽፍ እጅ ፊት ያንን ማንም ሊያረጋግጥላት አይችልም። አንድ መምህር ከልቡ ከወደዳት መጀመሪያ ፈተናዋን ከማረምና አድቫይዘሯ ከመሆን ይውጣ።

ሕግ ግን የሚመጣው ከጥፋት በኋላ ስለሆነ አስቀድማችሁ በዲፓርትመንት ደረጃ የምታስወስኗቸው ነገሮች አሉ። የፈተና ወረቀት በስም ሳይሆን በኮድ ይታረም። ውጤት በወቅቱ ይለጠፍ፤ የግሬድ ቅሬታ ለሰጠው መምህር ሳይሆን ለሌሎች ሁለት መምህራን ይቅረብ፤ ሜክአፕ ፈተና በመምህሩ በጎ ፈቃድ ሳይሆን በዲፓርትመንቱ ደብዳቤ ይፈቀድ። የማማከሪያ ሰዓት በር ላይ ይለጠፍ፣ ምክክሩም በሥራ ሰዓት በሩ ተከፍቶ ወይም ብዙ ሰው በሚሠራበት ክፍል ይሁን። ተማሪ ምክንያት ሳትዘረዝር አንድ ጊዜ አድቫይዘር የመቀየር መብት ይኑራት። ይህች የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ ይሁን እንጂ ተማሪዋ ክስ ሳትመሠርት የምታመልጥበትን በር ትከፍታለች፣ ሦስት ተማሪዎች በአንድ ዓመት ከአንድ አድቫይዘር ሲሸሹም ለዲኑ የሚነግረው ነገር አለው።

መምህራን «ጥፋተኛ ተደርገን ተቆጠርን፣ በሐሰት ብንከሰስስ?» ብለው ይቃወማሉ። ስጋታቸው እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤ የሐሰት ክስ የሰው ሕይወት ያበላሻል። ነገር ግን በኮድ የታረመ ወረቀትና የተከፈተ በር ከማንም በላይ የሚጠብቁት ንጹሑን መምህር ነው። «ግሬዴን ያበላሸው እምቢ ስላልኩት ነው» ብትባሉ ወረቀቱ የማን እንደሆነ ሳታውቁ ማረማችሁን ታሳያላችሁ።

ከአጥር ውጭ

የጥቃቱ ትልቅ ክፍል የሚፈጸመው በሚታወቅ ሰው ነው፦ በፍቅር ጓደኛ፣ «አስጠናሻለሁ» ባለ ሲኒየር፣ የአገር ልጅ ነኝ ባለ ሰው። ጨለማ መንገድ ብቻ ብታበሩ ይህ አይነካም። በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ያጠኑት ጄኒፈር ሐርሽና ሼመስ ካን አንድ ተራ የሚመስል ነገር አስተውለዋል፦ በጠባብ የመኝታ ክፍል መቀመጫው አልጋው ብቻ ስለሆነ፣ ለጨዋታ የገባች ተማሪ የምትቀመጠው እዚያ ነው፤ ያ መቀመጥም እንደ ፈቃድ ይቆጠርባታል። በእኛ ግቢዎች ዶርም በጾታ የተለየ ስለሆነ ቦታው ከአጥር ውጭ ይሆናል፦ የኪራይ ክፍል፣ ፔንሲዮን፣ የጫት ቤት። ወንድና ሴት ተማሪ ማታ ተቀምጠው የሚያጠኑበትና ሻይ የሚጠጡበት ብርሃን ያለው ቦታ ግቢው ከሌለው ወደ እነዚያ ክፍሎች የሚገፋቸው ራሱ ነው። አንድ የመማሪያ ክፍል እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ክፍት ማድረግ ብዙ ስብከትን ይተካል።

ለወንዶች የምትነግሯቸው ነገር አጭር ይሁን። ዝም ማለት እሺ ማለት አይደለም። ሰክራም ሆነ በሌላ ምክንያት ራሷን የማታውቅ ሴት ፈቃድ ልትሰጥ አትችልም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 623 ይህን ለብቻው ይቀጣል። ትናንት እሺ ያለች ዛሬ እምቢ ማለት ትችላለች። ከዚህ በኋላ ጊዜያችሁን በልምምድ አውሉት፣ ማለትም ሌላው ሲያጠቃ ያየ ሰው ምን እንደሚል አፍ አውጥቶ ይለማመድ። ዌልካም ፓርቲ ላይ አንዱ የደከመች ፍሬሽ ይዞ ሊወጣ ሲል ቡጢ አያስፈልግም። «ነይ፣ የዶርም ልጆች እየፈለጉሽ ነው» ማለት ይበቃል። «አንተ፣ ና ሒሳብ እንክፈል» ማለትም ይበቃል። ወንድ ሌላውን ወንድ ለማስቆም ሲነሳ የሚፈራው «ምን አገባህ» መባልን ነው፤ ለዚያ መልሱን አስቀድሞ የያዘ ሰው አይደናገጥም።

ሴቶችን ማሠልጠን ጥፋቱን ለእነሱ መስጠት ነውን?

ብዙ የመብት ተሟጋቾች እንዲህ ይላሉ፣ ግማሽ እውነትም አላቸው። ሥልጠናው ብቸኛው ሥራ ሲሆን ጥፋቱን ወደ ሴቷ ያዞራል፤ ለዚህ ነው እዚህ መመሪያ ውስጥ መጨረሻ አካባቢ የመጣው። ቢሆንም ማስረጃው ጠንካራ ነው። ካናዳዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ሻርሊን ሰን በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ 900 የሚጠጉ የመጀመሪያ ዓመት ሴት ተማሪዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን አውጥተዋል። ግማሾቹ አራት የሦስት ሰዓት ክፍለ ጊዜ ተከታተሉ፣ ሌሎቹ ብሮሹር ብቻ አገኙ። በአንድ ዓመት ውስጥ የመደፈር አደጋ ከሠለጠኑት 5.2 በመቶ፣ ካልሠለጠኑት ደግሞ 9.8 በመቶ ላይ ደርሷል። ሥልጠናው ስለ ጨለማና ስለ ልብስ የሚያወራ አልነበረም። ከሚያውቁት ሰው የሚመጣን ግፊት በጊዜ መለየት፣ «ቅር እንዳይለው» የሚለውን ይሉኝታ መስበር፣ መጮህና በአካል መከላከል ነበር ትምህርቱ። ይሉኝታ ያሳደገው ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ሁለተኛው ነጥብ ከካናዳ ይልቅ ለእኛ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አለባበስን በተመለከተ፣ ከላይ የጠቀስኳቸው አንቀጾች አንዳቸውም ስለ ቀሚስ ርዝመት አይጠይቁም፤ እናንተም አትጠይቁ።

ጥቃት ሲደርስ

አጥፊው ሳይጠየቅ ከቀረ ሌላዋን ይፈልጋል። ስለዚህ ጥቃት ለደረሰባት ሰው በአግባቡ መድረስ የመከላከሉ አካል ነው። በየዶርሙ አንዲት የሠለጠነች ሰው ትታወቅ፤ ለሷ የሚነገረው ለሕክምናና ለፍትሕ ካልሆነ በቀር ወደ ሌላ አይሻገር። የመጀመሪያው ቃል «ለምን ሄድሽ?» አይሁን። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ይሠራል፣ እሱም በየሰዓቱ አቅሙ ይቀንሳል። ከምርመራ በፊት ባትታጠብ ይመረጣል፤ ታጥባም ቢሆን ትሂድ። የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። እርግዝና ቢከተል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 552 መሠረትም የሷ ቃል ይበቃል፣ የፍርድ ወረቀት አያስፈልጋትም።

አዲስ አበባ ላይ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ምክሩንና የሕግ ሥራውን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የሕግ ምክር ይሰጣል። ግቢያችሁ ክልል ከሆነ ቅርብ የሆነውን ሆስፒታል አሁኑኑ ጎብኙ፤ ማታ ተረኛው ማን እንደሆነ፣ መድኃኒቱ መኖሩን፣ ስልኩ የሚነሳ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ቁጥሩን በሴቶች ሽንት ቤት በሮች ጀርባ ለጥፉት፤ ማንም ሳያያት የምታነበው እዚያ ነው።

ከሁለት ነገር ጋር ትታገሉ ይሆናል። አንደኛው ሽምግልና ነው። የአገር ሽማግሌ ወይም የሃይማኖት ጉባኤ «ልጆቹን እናስታርቅ» ብሎ ይመጣል፤ አስገድዶ መድፈር ግን የመንግሥት ክስ እንጂ የሁለት ሰው ጠብ ስላልሆነ በእርቅ አይዘጋም። ሁለተኛው ግቢው ለስሙ መፍራቱ ነው። ማጣራቱ እስኪያልቅ ሴክሽንና ዶርም የሚቀየረው ተከሳሹ ነው፣ እሷ ራሷ ካልጠየቀች በቀር፤ እሱም ቃሉን ይስጥ፣ ማስረጃ ያቅርብ፣ ይግባኝ ይበል። አሠራሩ ሲስተካከል በመጀመሪያው ዓመት የሚመዘገበው አቤቱታ ይጨምራል። ፕሬዚዳንቱ ይህን ሰምቶ እንዳይደነግጥ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ቁጥሩ የጨመረው ጥቃቱ ስለበዛ ሳይሆን ተማሪዎች መናገር ስለጀመሩ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ የጨመረው በየትኛው ምክንያት እንደሆነ ለመለየት ካርታውን በሁለተኛው ሴሚስተር ድገሙት። ያው ፕላን፣ ያው ሦስት ጥያቄ፣ ሌሎች ተማሪዎች። ፈተና ሳምንት ላይ አታድርጉት፣ ያኔ ሁሉም ላይብረሪ ያድርና መንገዱ በሰው ይሞላል። ትምህርት በተጀመረ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ይሁን፣ መልሱንም ከመጀመሪያው ወረቀት ጎን አስቀምጣችሁ በዚያው ባለቤቶቹ በተጻፉበት ዝርዝር ላይ ያልተነሱትን ቀይ ነጥቦች በአዲስ ቀን መዝግቡ።